ጆሮውን አይታችሁታል?

ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ አራስ ጥየቃ የሄደ ሐበሻ የሚያደርገው ሁሉ ተራ አለው። ጫማውን በር ላይ ያወልቃል፤ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይላል፤ የዳይፐር ካርቶኑን ጥግ ያስቀምጣል፤ ከገንፎው ይቀምሳል። ከዚያ ወደ ዋናው ጉዳይ ይገባል። ሕፃኑ ይገለጣል፣ ኮፍያው ከፍ ይደረጋል፣ ጆሮው ይታያል። ለማያውቅ ላስረዳ፤ አራስ ልጅ ሁሉ ቀላ ብሎ ስለሚወለድ ፊቱ አይታመንም። እውነቱ ያለው ጆሮው ጫፍና ጥፍሩ ሥር ነው። በቅርቡ የነበርኩበት ቤት አንዲት እናት መነጽራቸውን ከቦርሳቸው አውጥተው ከቀኝ ጆሮ ጀምረው በግራ ጨረሱና «አይዞሽ፣ ብዙም አይጠቁር፤ ጠይም ነው የሚሆነው» አሉ። አራሷ ከላብራቶሪ ጥሩ ውጤት እንደ መጣለት ሰው «ተመስገን» አለች። የልጁ ሶሻል ሴኩሪቲ ካርድ ገና በፖስታ አልመጣም፤ የቀለም ማዕረጉ ግን ተሰጥቶታል።

እዚያ ቤት ዘረኛ የለም። አለ ብትሏቸው ይቀየሟችኋል። ግድግዳው ላይ የአድዋ ሥዕል ተሰቅሏል፤ በ2008 ኦባማ ሲመረጥ እልልታቸው ጎረቤት ቀስቅሷል፤ የአራሷ ባልም ሥራ ቦታው ላይ በቀለሜ ተበደልኩ ብሎ አቤቱታ አስገብቶ ያውቃል። ዘረኝነት ራሱን ተላጭቶ፣ ችቦ ይዞ፣ እየፎከረ የሚመጣ እየመሰለን ከገንፎ ጋር ሲቀርብልን አናውቀውም። ስድብ ሆኖ ቢመጣማ ልጆቻችን ገና ድሮ በጠሉት። ወደ እነሱ የሚሻገረው ምርቃት፣ ምክርና አድናቆት ሆኖ ነው፤ ያውም ከሚወዷቸው ሰዎች አፍ።

የቀለም ደረጃችንን ያመጣነው ከአገር ቤት ነው። ቀይ፣ ቀይ ዳማ፣ ጠይም፣ ጠቆር ያለ፣ ጥቁር፤ በየመሐሉም ለሠርግ ሽምግልና የሚያገለግሉ ንዑሳን ክፍሎች አሉ። ደለስ ኤርፖርት ሻንጣችን ሲበረበር ሽሮውን አዩት እንጂ ይህን አላዩብንም። ከኋላው ያለው ታሪክ ደግሞ የሚያኮራ አይደለም። ኢትዮጵያ በፈረንጆች 1923 ወደ መንግሥታቱ ማኅበር ስትገባ ባርነትን አጠፋለሁ ብላ ቃል ገብታ ነበር፤ ጨርሶ የሚያግደው አዋጅ የወጣው ግን በ1942 ነው። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች ናቸው።) ያ ዘመን ሩቅ አይደለም፤ ዛሬ ሲልቨር ስፕሪንግ ሜትሮ አጠገብ ከዘራ ይዘው የሚንሸራሸሩት አባቶቻችን ያኔ ተወልደው ነበር፤ ካልሆነም ዳርዳር ላይ ነበሩ። አዋጁ ባሪያን ነጻ አወጣ፤ ስድቡን ግን ለእኛ ተወልን። እኛም አደራ እንደ ተቀበለ ሰው ጠብቀን ፖቶማክን አሻግረነዋል።

የዚህ ደረጃ አስቂኝነቱ የሚገባው ወንዙን ተሻግሮ አሌክሳንድሪያ ሲደርሱ ነው። የቨርጂኒያ ሕግ አውጪዎች በ1924 ዘርን በሕግ ሲከፍሉ ነጭና ነጭ ያልሆነ ብለው ነው የጨረሱት። በሰው ደም ውስጥ አንዲት ጠብታ ከተገኘች አበቃ፤ ወዲያ ማዶ ነው። ቀይ ዳማ ለሚባል ወገን የተዘጋጀ ወንበር አልነበረም። መነጽር አውጥቶ ጆሮ የሚያይ መዝጋቢም አልቀጠሩም። ያ ሕግ ነጭንና ነጭ ያልሆነን እንዳይጋቡ ይከለክል ነበር፤ የወደቀውም በ1967 ሪቻርድና ሚልድረድ ላቪንግ የተባሉት ባልና ሚስት ጉዳይ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ ነው። ከጠበቆቻቸው አንዱ፣ በርናርድ ኮኸን፣ እዚሁ አሌክሳንድሪያ ውስጥ የሚሠራ ወጣት ነበር። በዚያ ዘመን ከመካከላችን በጣም ቀይ ነች የምትባለው ልጅ መጥታ ቢሆን ኖሮ ከጥቁሩ ልጅ እኩል ከአውቶቡሱ የኋላ ወንበር ላይ ትቀመጥ ነበር፤ ምናልባት እዚያም ሆና መስኮት በኩል ፀሐይ እንዳይነካት ትጠነቀቅ እንደሆነ እንጂ።

አሁን ወደ አሌክሳንድሪያ ልውሰዳችሁ። ሴሚናሪ ሮድ ላይ ሳውዘርን ታወርስ የሚባሉ ረጃጅም ሕንፃዎች አሉ፤ አሳንሰር ውስጥ ሆናችሁ ሰው ብታሙ ከኋላችሁ የሚሰማችሁ የማይጠፋበት ሰፈር ነው። በዚያ አካባቢ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቡና ተጠራሁ። ቶናው ሊቀዳ ሲል የቤቱ ልጅ፣ የአሥራ ስድስት ዓመት ጎረምሳ፣ ሁዲውን እስከ ግንባሩ ስቦ ከክፍሉ ወጣ። እናት ጀበናውን ሳትለቅ፦

«አውልቀው እሱን! ሰው ሲያይህ ጥቁር ነው እኮ የሚልህ።»

«ማሚ፣ ጥቁር ነኝ እኮ።»

«አንተ ሐበሻ ነህ!»

«ፖሊሱ ይህን ያውቃል?»

አባትዬው ከሶፋው ላይ ሆኖ መፍትሔ አመጣ። «ፈቃድህን ሲጠይቅህ በትሕትና ትነግረዋለህ።»

ልጁ ሳቀና በሩን ዘግቶ ሄደ። እናት ፍንጃሉን እየቀዳች ወደ እኔ ዞረችና «አየህልኝ? ከጥቁሮቹ ጋር እየዋለ መልስ መስጠት ለመደ» አለችኝ። መልስ መስጠትን ከማን እንደለመደ ለማወቅ ከእሷ ጋር አንድ ቡና መጠጣት ይበቃል፤ ግን እንግዳ ነኝና ዝም አልኩ።

የሚገርመው ነገር፣ ልጁ የሚኖርበትን ከተማ ከወላጆቹ ይልቅ ያውቀዋል። የሚማርበት ትምህርት ቤት እስከ 2021 ድረስ ቲ. ሲ. ዊልያምስ ይባል ነበር፤ ዊልያምስ ጥቁርና ነጭ ተማሪዎች አንድ ላይ እንዳይማሩ የተቃወመ የከተማዋ የትምህርት ኃላፊ ነው። ስሙ ተነሥቶ አሌክሳንድሪያ ሲቲ ሃይስኩል ሲባል አባትዬው «ለስም ብለው ይህን ሁሉ ብር» እያለ ሰንብቷል። ይህ አባት ልጁን ክርስትና ሲያስነሣ በስም ጉዳይ ከሚስቱ ወገን ጋር ለሁለት ወር የተኳረፈ ሰው ነው።

ልጁ ተመልሶ ሲመጣ የከተማዋን አንድ ታሪክ የነገረን እሱ ነው። በነሐሴ 1939 አምስት ጥቁር ወጣቶች አሌክሳንድሪያ ቤተ መጻሕፍት ገቡ። ለብሰው፣ ተበጥረው። አንድ በአንድ የአባልነት ካርድ ጠየቁ፤ ተከለከሉ። እያንዳንዳቸው ከመደርደሪያ መጽሐፍ አንሥተው በየጠረጴዛው ለብቻ ለብቻ ተቀመጡና ድምፅ ሳያሰሙ ማንበብ ጀመሩ። ፖሊስ መጥቶ ወሰዳቸው። ነገሩን ያቀነባበረው ሳሙኤል ዊልበርት ታከር የሚባል የ26 ዓመት ጠበቃ ነበር። ከተማዋም በሩን ከመክፈት ይልቅ በዓመቱ ለጥቁሮች ብቻ ሌላ ትንሽ ቤተ መጻሕፍት ሠራች፤ ታከር የዚያን ካርድ አልፈልግም አለ። ልጁ ይህን ሲጨርስ እናትዬው ከልብ አዝና «ውይ! እነዚህስ ጨዋዎች ነበሩ» አለች። ጨዋ መሆናቸው ከመታሰር አላዳናቸውም። ሁዲም አልለበሱም። ይህ እንዲገባት ሦስተኛው፣ በረካው፣ ድረስ ብጠብቅም ወሬው ወደ ቤት ዋጋ ሄደ።

ቤት ዋጋ ስል፣ ዘረኝነታችን ብር የሚያስወጣን እዚህ ላይ ነው። «ፒጂ ካውንቲ እንዳትገቡ» የምትለዋን ምክር ያልሰማ አዲስ መጪ የለም። ለምን ቢባል «ሰፈሩ ጥሩ አይደለም» ነው። ፒጂ የምንለው ፕሪንስ ጆርጅስ በመላው አሜሪካ ጥቁሮች ከሚበዙባቸው ካውንቲዎች በሀብት ከቀዳሚዎቹ አንዱ ነው። ዶክተሩ፣ ዳኛው፣ ጡረታ የወጣው ኮሎኔል ሣሩን በየሳምንቱ ሲያሳጭድ ይታያል። አንድ የማውቀው ሰው እዚያ ባለ አራት መኝታ ቤቱን፣ ጓሮውን፣ ጋራዡን ሁሉ አይቶ ወደደ። ጎረቤቶቹ ሰላም ሊሉት ወጡ፤ አፕል ፓይ ሳይቀር ይዘው። ሲመለስ ለሚስቱ «ጥቁሮች ናቸው እንጂ ደህና ሰዎች ናቸው» አላት። ከዚያ ጀርመንታውን ሄዶ ግማሹን የሚያህል ታውንሃውስ በበለጠ ዋጋ ገዛ። አሁን በየጠዋቱ 270 መንገድ ላይ ቆሞ መዝሙር ያዳምጣል። «ስኩሉ አሪፍ ነው» ይላል። ልጅ የለውም።

ሰፈር የመምረጡን ነገር የጀመርነው እኛ አይደለንም፤ ይህን መካድ በደል ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ራሷ ከ1920ዎቹ እስከ 1940ዎቹ ስትከፋፈልና ስትሸጥ በብዙ ሰፈሮቿ የቤቱ ውል ላይ ለጥቁር አይሸጥም፣ አይከራይም የሚል ቃል ነበረበት። ለቤት ሠራተኛ ሲሆን ብቻ ማደር ይፈቀዳል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1948 እንዲህ ያለውን ውል ፍርድ ቤቶች ሊያስፈጽሙት አይችሉም አለ፤ በቤት ሽያጭና ኪራይ ማዳላትን አገር አቀፉ ሕግ የከለከለው ግን በ1968 ነው። ዛሬ እትዬ ጎመንና ጤና አዳም የተከሉበት ጓሮ ድሮ እሳቸው በጀርባ በር ካልሆነ የማይገቡበት ነበር ማለት ነው። ከሜትሮው ወረድ ብላ ሊተንስቪል የምትባል ሰፈር አለች። ሳሙኤል ሊተን የሚባል ነጻ ጥቁር በ1853 መሬት ገዝቶ የቆረቆራት ናት። እስከ 1960ዎቹ ድረስ አስፋልት እንኳ በወጉ አልደረሳትም ነበር። ከነጮቹ ሰፈር የሚያገናኛት ታልቦት አቬኑ ላይ ያለ አንድ ጠባብ የእንጨት ወለል ድልድይ ነበር፤ በ2019 ለፐርፕል ላይን ባቡር ተብሎ ፈረሰ። እዚያው ጎረቤት የሚኖር ወዳጄ ድልድዩ ሲፈርስ የተሰማው ቅሬታ አንድ ብቻ ነው፤ ጂፒኤሱ ተሳስቶበት አርፍዷል።

ታክሲውን ሳላነሣ ባልፍ ሾፌር ወዳጆቼ ያኮርፋሉ፤ ባነሣም ያኮርፋሉ። የዋሽንግተን ታክሲ ያለ ሐበሻ አይታሰብም። ሰውን በመልኩ ወይም በሚሄድበት ሰፈር መርጦ አልጭንም ማለት ደግሞ በሕግ የተከለከለ ነው። ሌሊት ላይ የጠቆረ ጎረምሳ እጁን ሲያነሣ መብራቱን አጥፍቶ ማለፍን ግን «ልምድ» ይሉታል። በእርግጥ ተዘርፈው፣ ተደብድበው የሚያውቁ አሉ፤ ይህ ቀልድ አይደለም። ነገር ግን ኒው ዮርክ ላይ በ1999 ታክሲ እያለፈው አቤት ያለው ዳኒ ግለቨር የፊልም ተዋናይ ነበር፤ ከነልጁ። ልምዳችን ተዋናይና ቀማኛ ካልለየ ልምድነቱ ምኑ ላይ ነው? ያ መብራት ያጠፋው ሾፌር ሥራ ጨርሶ፣ ሁዲ ለብሶ፣ ስልኩ ባትሪ ዘግቶበት መንገድ ዳር ቢቆም የሚያልፈውም ያው የአገሩ ልጅ ነው።

ከሁሉ የሚከፋው ግን አድናቆት ነው። ነጩ አለቃ ወይም የሥራ ባልደረባ ራት ላይ «እናንተ ኢትዮጵያውያን እኮ እንደ እዚህ ጥቁሮች አይደላችሁም፤ ሠራተኞች ናችሁ» ይላል። እኛም ቀና እንላለን። እቤት መጥተን ኮታችንን ሳናወልቅ እናወራዋለን፤ ልጆቹ እየሰሙ። እንጀራው እስኪቆረስ ሁለት ጊዜ ተደግሟል። ሰውዬው በአንድ ዓረፍተ ነገር አርባ ሚሊዮን ሰው ሰድቦ እኛን በሹካ ጫፍ አነሣን፤ እኛ ደግሞ ስለ ከፍታው አመሰገንን። በማግስቱ ገበያ ማዕከል ውስጥ የጥበቃ ሠራተኛው ከመደርደሪያ መደርደሪያ ሲከተለን «ምን ነካው ይህ ሰው!» እንላለን። ምንም አልነካውም፤ አለቃችን ያመሰገነንን ወሬ ስላልሰማ ነው።

ለራሳችንም ትንሽ ደረጃ ሠርተናል። ከኤል ሳልቫዶር ይሁን ከቦሊቪያ ሳንጠይቅ ሁሉንም «ስፓኒሾቹ» ብለን እንጨርስና፣ አንድ ምስኪን ደግሞ «ሶማሌ ነሽ?» ሲለን እንቆጣለን። እርስ በርሳችንማ አይወራ፤ ሙሽራ ሲመጣ «ምን ሠራ፣ ምን ተማረ» ከመባሉ በፊት «አባቱ ከየት ነው?» ይባላል፤ መልሱም እንደየቤቱ ያስመርቃል ወይም ያስነጥሳል።

ሙሽራ ካነሣን አይቀር፤ ልጅቷ ፈረንጅ ይዛ ስትመጣ መጀመሪያ ትንሽ ለቅሶ አለ። ከዚያ «ጥብስ ይበላል፣ ሚጥሚጣ አይፈራም፣ አጥንት ይግጣል» እየተባለ በሁለት ሳምንት ውስጥ የቤት ልጅ ይሆናል። ጥቁር አሜሪካዊ ይዛ ስትመጣ ግን ጸበል ይወጣል። እናት ይታመማሉ። አጎት ከአትላንታ ይደውላል። ኋላ ልጁ ሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ ተምሮ ሐኪም መሆኑ ይሰማል፤ ቁመናውም ያማረ ነው። ያኔ ከመሐል አንዷ ተነሥታ «እኔ እኮ ሳየው ሐበሻ ነው የመሰለኝ» ትላለች፤ ጉባኤው ይረጋጋል።

ይህን ጉባኤ ዶክተር መላኩ በያን ቢያየው ምን ይል ነበር? ከዛሬ ዘጠና ዓመት ገደማ በፊት እዚሁ ዋሽንግተን፣ ሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና የተማረ የኢትዮጵያ ልጅ ነው። ዶሮቲ ሐድሊ የተባለች ጥቁር አሜሪካዊት አገባ። ጣልያን አገራችንን በወረረ ጊዜ በጥቁር አሜሪካውያን መካከል እየዞረ አቤት አለ፤ በ1937 ኒው ዮርክ ላይ የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽንን መሠረተ። እነዚያ ሰዎች ራሳቸው ሥራ ባጡበት ዘመን ለማያውቋት አገር ሳንቲም አዋጡ፤ ሊዋጉላት ተመዘገቡ። ጆን ሮቢንሰን የሚባለውማ ከቺካጎ ተነሥቶ መጥቶ ለንጉሡ አውሮፕላን አበረረ፤ ከጦርነቱም በኋላ ተመልሶ አብራሪዎች አሠለጠነ፣ በ1954 አዲስ አበባ ላይ አረፈ። «ከጥቁሮቹ ጋር አትዋል» የምንለው ከእነዚህ ሰዎች የልጅ ልጆች ጋር ነው።

ስለ መግቢያችንም አንድ ነገር ልበል። አሜሪካ በ1924 ባወጣችው የስደተኞች ኮታ ለኢትዮጵያ የደረሳት በዓመት 100 ሰው ነበር፤ ያ ዛሬ የአንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ሠርግ አጃቢ አይሞላም። ያ ኮታ የተሻረው በጥቅምት 1965 በወጣው ሕግ ነው። ከዚያ ሁለት ወር ቀደም ብሎ የድምፅ መስጠት መብት ሕግ፣ ከዓመት በፊት ደግሞ የሲቪል መብቶች ሕግ ወጥተው ነበር። በሰው መልክ ማዳላት አሳፋሪ ነው የሚለውን ነገር ዋሽንግተን ላይ ያስወሰኑት በውሻ የተነከሱትና በውሃ የተረጩት ጥቁር አሜሪካውያን ናቸው። በሩ በእነሱ ትከሻ ከተከፈተ በኋላ የገባን እንግዶች ሆነን፣ በር ከፋቹን «ሰነፍ ነው» ብለን ስናማ ትንሽ ድምፃችንን ዝቅ ብናደርግ ምን ነበረበት።

እዚህ ላይ «እኛ ጥቁር አይደለንም፣ ሐበሻ ነን» የሚለውን የቡና ክርክር መንግሥት ራሱ ዘግቶታል። የ2020 የሕዝብ ቆጠራ ቅጽ ላይ ጥቁር ወይም አፍሪካዊ አሜሪካዊ ከሚለው ሣጥን ሥር ምሳሌ ተብለው ከተዘረዘሩት ውስጥ ናይጄሪያዊ፣ ኢትዮጵያዊ፣ ሶማሌ ይገኙበታል፤ ያውም ጎን ለጎን። ይህን ያየ አንድ ጋሼ ግን እጅ አልሰጠም። ወደ ታች ወርዶ «ሌላ» የሚለውን ሣጥን መርጦ በትልቅ ፊደል «ሐበሻ» ብሎ አስጻፈ። የሞላለት ልጁ ነበር፤ ለራሱ የላይኛውን ሣጥን መረጠ። አንድ ኩሽና ጠረጴዛ ላይ አባትና ልጅ ሁለት ዘር ሆነው አደሩ።

አንባቢ ሆይ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ። አሌክሳንድሪያ ዲዩክ ስትሪት 1315 ቁጥር ላይ አንድ የጡብ ቤት አለ። ከ1828 ጀምሮ ፍራንክሊንና አርምፊልድ የተባሉ ነጋዴዎች በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን እዚያ አጉረው ወደ ደቡብ ይሸጡ ነበር። ዛሬ ፍሪደም ሃውስ የሚባል ሙዚየም ነው፤ በ2020 ከተማዋ ገዝታዋለች። ብዙዎቻችን በየቀኑ በአጠገቡ እናልፋለን። አንድ ቅዳሜ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ግቡ፤ ጆሮ የሚያዩትንም እናት ጋብዟቸው፣ መነጽራቸውን እንዳይረሱ። ኦልድ ታውን ፓርኪንግ ያስመርራል፤ ቀደም ብላችሁ ውጡ።